የተሸሸገ መንጠቆ

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት የፕላስቲክ ትል ነው። ርዝመቷ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ሲነኳት ትልመጠመጣለች፤ ጫፏን ይዘው ሲያወዛውዟት ነፍስ ያላት ትመስላለች። የአሜሪካ ዓሣ አጥማጅ ሲሸሸው ወደኖረው ውኃ፣ ጥልቀቱ ከወገብ ወደማያልፈውና አረም ወደወረሰው ውኃ በድፍረት የገባው በእሷ ነው። እንዴት እንደገባ፣ ዛሬስ በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖረው ወገናችን ከዚህ ጥበብ ምን ሊያተርፍ እንደሚችል ከሥር ከመሠረቱ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዓሣውን ላስተዋውቃችሁ። አፈ ትልቁ ባስ ይሉታል። ጀርባው አረንጓዴ ነው፤ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ተጋድሞበታል፤ መንጋጋው ከዓይኑ ኋላ ድረስ ይዘልቃል። ይህ ዓሣ በሩጫ አያድንም። አረም ሥር፣ የውኃ አበባ ቅጠል ጥላ ሥር፣ የወደቀ ግንድ አጠገብ አድፍጦ ይቆማል። ትንሽ ዓሣ ወይም እንቁራሪት በአጠገቡ ሲያልፍ አፉን በአንድ ጊዜ ይበረግዳል፤ ውኃው ወደ ውስጥ ሲሳብ ታዳኙም አብሮ ይገባል። ተርበትብቶ ለማምለጥ ጊዜ የለም።

ይህን ዓሣ አሜሪካኖች እንዴት እንደሚወዱት ለመናገር አንድ ነገር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጅ ፔሪ የሚባል ሰው ጆርጂያ ውስጥ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ፣ ማለትም 10 ኪሎ ያህል የሚመዝን ባስ አወጣ። ይህ ክብረ ወሰን ሰባ ሰባት ዓመት ሙሉ ብቻውን ቆመ። በ2009 ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ በቢዋ ሐይቅ የሚስተካከለውን አውጥቶ ስሙን ከፔሪ ጎን አጻፈ። እስከዚያ ድረስ ስንቱ ሰው ሌሊት ተነሥቶ፣ ስንቱ በብርድ ተመትቶ ያችን ክብደት ሲያሳድድ እንደኖረ እናንተው ገምቱት።

ታዲያ ችግሩ የት ነበር? ችግሩ የዓሣው ቤት ላይ ነበር። ባሱ አረም ውስጥ ነው የሚኖረው፤ መንጠቆ ደግሞ አረም ይለቅማል። ጫፉ የተጋለጠ መንጠቆ አረም መሐል ጣሉ እንበል። ገና ሁለት ክንድ ሳይጎትቱት በሣር ተጠቅልሎ ይመጣል። ሣር የተሸከመ ማባበያ ደግሞ የተራበ ዓሣም አይነካውም። ስለዚህ አብዛኛው አጥማጅ የአረሙን ዳር ዳር እየዞረ፣ ግልጥ ውኃ ላይ እየወረወረ፣ ዓሣው ወደ እሱ እስኪወጣ ይጠብቅ ነበር። ዓሣው ግን ከቤቱ የሚወጣበት ምክንያት አልነበረውም።

አሁን ወደ ኦሃዮ ልውሰዳችሁ። አክረን የጎማ ከተማ ነበረች፤ የአሜሪካ ታላላቅ የጎማ ፋብሪካዎች የተተከሉባት። እ.ኤ.አ. በ1949 ኒክ ክሪም የሚባል የዚያ ከተማ ሰው፣ ራሱም ዓሣ አጥማጅ ነበርና፣ በቤቱ ማዕድ ቤት ምድጃ ላይ ፕላስቲክ ማቅለጥ ጀመረ። ባለቤቱ ኮስማም አብራው ነበረች። የፈለገው ቀላል ነገር ነው፤ እውነተኛውን ትል የሚመስል፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ፣ አንድ ዓሣ ሲነክሰው የማይበጠስ ሰው ሠራሽ ትል። ከጎማ የተሠሩ ማባበያዎች ከዚያ በፊትም ነበሩ፤ ግን ደረቆች ነበሩ፤ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ተገትረው ይቀሩ ነበር።

የዚህች ትል አሠራር እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። ፒቪሲ የሚባል የፕላስቲክ ዱቄት በማለስለሻ ዘይት ይበጠበጣል። ሲበጠበጥ ወተት ይመስላል። እሳት ላይ ሲውል መጀመሪያ ይወፍራል፤ ሙቀቱ ወደ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ደግሞ ጥርት ብሎ ይፈሳል። ያን ጊዜ ቀለም ይጨመርበታል፣ ብልጭልጭ ይነሰነስበታል፣ ክብደት ከተፈለገም ጨው ይገባበታል። ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲፈስና ሲቀዘቅዝ ለስላሳ ሆኖ ይረጋል። ልስላሴው የሚመጣው ከዘይቱ ነው፤ ዘይቱ ሲበዛ ትሏ ትለሰልሳለች፣ ሲያንስ ትጠነክራለች። የለሰለሰችው የበለጠ ትወዛወዛለች፤ የጠነከረችው የበለጠ ትበረክታለች።

ክሪም ትሏን ሠራ፤ ዓሣውም ወደዳት። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ትሎች ሲሸጡ መንጠቆዎቻቸው ከሰውነታቸው ወጥተው ተጋልጠው ነበር። ስለዚህ ትሏ ብትለሰልስም ያው የድሮው ችግር አልቀረም፤ አረም ውስጥ ስትገባ ትያዛለች።

መፍትሔው የመጣው ከደቡብ፣ ከቴክሳስ ነው። በምሥራቅ ቴክሳስ ወንዞች ተገድበው ሰው ሠራሽ ሐይቆች ሲሞሉ ጫካው ሳይቆረጥ ውኃ ዋጠው። ሐይቁ ውስጥ ዛፍ እንደቆመ አለ፤ ቅርንጫፉ አለ፤ በዳር በዳሩ ሣሩ አለ። ባሱ ደግሞ በዚያ ሁሉ መሐል ይኖራል። የቴክሳስ አጥማጆች በዚህ ተፈተኑ፤ ሲፈተኑም መንጠቆውን ሸሸጉት። ጫፉን መልሰው ትሏ ሰውነት ውስጥ ቀበሩት። ከላይ ደግሞ አፍንጫዋ የሾለ፣ የጥይት ቅርጽ ያላት እርሳስ አደረጉ፤ ሣሩን እየሰነጠቀች እንድትገባ። ይህ አሠራር የቴክሳስን ስም ይዞ ቀረ፤ ዛሬ የትም አገር ያለ ባስ አጥማጅ ቴክሳስ ሪግ ብትሉት ያውቀዋል። ክሪምም ፋብሪካውን ወደ ታይለር፣ ቴክሳስ ወሰደ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቀጣጠለ። እ.ኤ.አ. በ1967 የአላባማው የኢንሹራንስ ሻጭ ሬይ ስኮት በአርካንሳው ቢቨር ሐይቅ ትልቅ የባስ ውድድር አዘጋጀ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ እንደ ዓሣው ሁሉ ባስ የሚባለውን የአጥማጆች ማኅበር አቋቋመ። በ1972 የያዛችሁትን ዓሣ አትግደሉ፣ መዝናችሁ ወደ ውኃው መልሱ የሚለውን ልማድ ወደ ውድድሩ አስገባ። ይህ ልማድ ዛሬ ሕግ ሳያስገድደው ከአጥማጁ ጋር ተዋሕዷል፤ ሰው ዓሣውን ይዞ ያየዋል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይለቀዋል። ውድድሩ ያሳደገው ሌላም ነገር አለ። አንዱ አጥማጅ የደረሰበትን ብልኃት ሌላው በማግሥቱ ይማረዋል፤ ትሏም በየዓመቱ መልኳን ለወጠች። እንሽላሊት ሆነች፣ ክሬይፊሽ የሚባለው የውኃ እንስሳ ሆነች፣ እንቁራሪት ሆነች።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ስንት ሺሕ አማርኛ ተናጋሪ እንደሚኖር ታውቃላችሁ። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ተነሥቶ ዋሽንግተን ሥራ የሚሄድ ሰው በየቀኑ የፖቶማክን ወንዝ ይሻገራል። ስንቱ ግን ወርዶ አይቶታል?

ፖቶማክ ታሞ የነበረ ወንዝ ነው። የከተማው ፍሳሽ ይገባበት ነበር፤ በበጋ አረንጓዴ አተላ ይሸፍነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ለአገር ውርደት ነው እስከማለት ደርሰው ነበር። በ1972 የንጹሕ ውኃ ሕግ ወጣ፤ ብሉ ፕሌንስ የሚባለው የፍሳሽ ማጣሪያ ተሻሻለ፤ ውኃው ጠራ። ከአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ናንሲ ራይቢኪና ቨርጂኒያ ካርተር የተባሉ ተመራማሪዎች ወንዙን ሲያጠኑ ኖረዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ጨዋማ ባልሆነው የታችኛው ክፍል ውኃ ውስጥ የሚበቅል ተክል የለም ማለት ይቻል ነበር። ከዚያ በ1982 ሃይድሪላ ተገኘ።

ሃይድሪላ የእስያ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፍሎሪዳ የገባው ለዓሣ ማሳያ መስታወት ጌጥነት ነበር። ሥሩን መሬት ላይ ተክሎ ወደ ብርሃን ይወጣል፤ ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ውኃው ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። የጀልባ ባለቤቶች ተማረሩ፤ ሞተራቸውን ያንቀው ነበር። መንግሥት በማሽን አሳጨደው። ግን ሌላም ነገር ሆነ። ተክሉ ዝቃጩን ያዘው፤ ውኃው ይበልጥ ጠራ፤ በጠራው ውኃ የአገሩ ተክል ተመለሰ፤ ዳክዬው መጣ፤ ጥቃቅን ዓሣ ተጠለለበት፤ ባሱም በዛ። ታሞ የነበረው ወንዝ የአገሪቱ ዝነኛ አጥማጆች የሚፎካከሩበት ሆነ።

እዚህ ላይ የጣና ልጆች ልባችሁ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታወቀው እምቦጭ ስንቱን አጥማጅ መረቡን አስጥሎ እንዳስለቀሰ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አረም ሁሉ አንድ አይደለም። እምቦጭ ተንሳፋፊ ነው፤ ውኃውን ከላይ ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላል፣ ከሥሩ ያለውን ሕይወት ያፍናል። ሃይድሪላ ከሥር ተነሥቶ ብርሃን እየጠጣ በውኃው ውስጥ ያድጋል። እሱም ቢሆን መጤ ነው፣ ሲበዛ ይጎዳል። ፖቶማክ ላይ ግን ከሞተ ወንዝ የተረፈው ዓሣ መጠለያ ያገኘው በእሱ ነው፤ እውነቱን መናገር ይገባል።

አሁን ወደ እጅ ሥራው ልግባ። ከአሌክሳንድሪያ ዝቅ ብሎ ወንዙ ወደ የብስ ገባ የሚልበት ቦታ አለ፤ ጀልባ የሌለው ሰው ከዳር ቆሞ የሚያጠምድበት። እዚያ አንድ ሸምገል ያሉ የአገሬ ሰው እዚያው አሜሪካ የተወለደ የእኅታቸውን ልጅ ሲያስተምሩ አየሁ። ልጁ አንድ እሽግ ትልና ትልቅ መንጠቆ ይዟል። መንጠቆው ከዓይኑ ዝቅ ብሎ ሁለት ጊዜ የተቆለመመ ነው፤ ያ ቁልምምታ የትሏን ራስ ይዞ እንዳትንሸራተት የሚያደርግ ነው።

«ጋሼ፣ በየት በኩል ልውጋት?»

«በአፍንጫዋ፣ መሐል ለመሐል። አትቸኩል። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አስገባና በሆዷ በኩል አውጣው።»

ልጁ ወጋ፤ ጫፉ ብቅ አለ። መንጠቆውን ሳበው፤ የትሏ ራስ ቁልምምታው ላይ ደርሶ ተቀመጠ። ከዚያ መንጠቆውን አዞረው፤ ጫፉ አሁን ወደ ትሏ ሰውነት ዞሮ ቆመ።

«አሁን መንጠቆውን ከትሏ ጎን አስተኛው። ጉብጠቱ የት ላይ ይደርሳል? እዚያ ላይ በጥፍርህ ምልክት አድርግ። ልክ እዚያ ወግተህ በጀርባዋ አውጣ።»

ልጁ ወጋ። ትሏ መሐሏ ላይ ጎበጠች።

«አውጣው፤ ተመልሰህ ውጋ። የጎበጠች ትል ውኃ ውስጥ ትሽከረከራለች፤ ክሩንም ታጠማዝዘዋለች። ዓሣው ቀጥ ብላ የምትዋኝ ነገር ነው የሚፈልገው።»

ሁለተኛውን አሳካው። ትሏ ቀጥ ብላ ተንጠለጠለች። ጫፉ ግን ጀርባዋ ላይ ሾሎ ወጥቷል። ጋሼ የትሏን ቆዳ በአውራ ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው ወደ ፊት ገፉና ጫፉን ብቻ ከቆዳዋ ሥር አስገቡት። ጥልቅ አላስገቡትም፤ አንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

«እስቲ ጣትህን ከራሷ እስከ ጭራዋ ጎትተው። ወጋህ?»

«አልወጋኝም።»

«እንግዲያው አረሙንም አይወጋውም። ዓሣው ሲነክስ ግን ቆዳዋ ይጨመቃል፣ ጫፉ ይወጣል። ሥራው በሙሉ ይኸው ነው።»

በእርግጥም ሥራው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክብደትን ከውኃው ጋር ማስማማት ነው። ውኃው ከአንድ ሜትር በታች ከሆነና አረሙ ከላይ ከደረሰ እርሳስ አያስፈልግም፤ ትሏን ባዶዋን ወርውሯት። ለዚህ የምትሆነው በጨው የከበደችው ዓይነት ናት። ጋሪ ያማሞቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሴንኮ ብሎ ያወጣት ትል ጨው የበዛባት ናት፤ ምንም ሳይነኳት ሁለት ጫፏ እየተንቀጠቀጠ በዝግታ ትሰምጣለች። አረሙ ሳሳ ብሎ ውኃው ጠለቅ ካለ ከሁለት እስከ አራት ግራም የምትመዝን የጥይት ቅርጽ እርሳስ ይበቃል። አረሙ ድር ሠርቶ ጣሪያ ከሆነ ደግሞ ሠላሳ ግራም የሚጠጋ የተንግስተን ክብደት ይፈለጋል። ተንግስተን ከእርሳስ ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በእኩል ክብደት አነስ ይላል፤ በጠባብ ቀዳዳም ይገባል። ክብደቱ ከትሏ ተለያይቶ እንዳይሄድ ክሩ ላይ በትንሽ ላስቲክ ማቆም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ክብደቱ ወደ ታች ሲወርድ ትሏ ጣሪያው ላይ ትቀራለች።

ክሩም ነገር አለው። አረም ውስጥ በቀጭን ናይለን መግባት ዓሣንም መንጠቆንም ማጣት ነው። የተጎነጎነው ክር አይለጠጥም፤ ዓሣው ሲታገል የሃይድሪላውን ግንድ እየቆረጠ ይመጣል።

ወርዋሪው ዒላማው ላይ አይወረውርም፤ ከዒላማው አሳልፎ ነው የሚወረውረው። ትሏ ቅጠል ላይ ታርፋለች፤ ቀስ ተደርጋ ትሳባለች፤ አረሙ ተከፍቶ ውኃ የሚታይበት ቀዳዳ ላይ ስትደርስ ክሩ ይለቀቅላታል። ያን ጊዜ ትወድቃለች። ዓሣው በብዛት የሚነክሰው ስትወድቅ ነው። ስለዚህ አጥማጁ ክሩን እንጂ ትሏን አያይም። ክሩ ጠቅ ካለ፣ ወይም ወደ ጎን መሄድ ከጀመረ፣ ወይም መሬት ሳይደርስ መውረዱን ካቆመ ዓሣ ይዟታል ማለት ነው። ዘንጉን ዝቅ አድርጎ የላላውን ክር ይጠቀልላል፤ ከዚያ በሙሉ ክንዱ ይመታል። ለስለስ ያለ ምት ጫፉን ከትሏ ሥጋ አያወጣውም።

ፖቶማክ ደግሞ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ይከተላል፤ በዋሽንግተን አካባቢ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ወደ አንድ ሜትር ያህል ይወጣል፣ ይወርዳል። ሲሞላ ባሱ ወደ አረሙ ጥልቅ ይገባል፤ ሲጎድል ወደ አረሙ ጠርዝ ይወጣና ውኃው የሚያመጣለትን ይጠብቃል። ይህን ያወቀ ሰው በጉድለት ሰዓት ጠርዙን ይዞ ይቆማል። ሰዓቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ትሏን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢያስር ባዶ ውኃ ላይ ሲወረውር ይውላል።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይሉ የለ አባቶቻችን? በዚህ ወንዝ ይህ እውነት ነው። ስኔክሄድ የሚባል ራሱ የእባብ የሚመስል የእስያ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ2002 ሜሪላንድ ውስጥ ክሮፍተን በሚባል ቦታ ኩሬ ውስጥ ተገኘ፤ ኩሬው በመድኃኒት ተጸዳ። በ2004 ግን ፖቶማክ ውስጥ ብቅ አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣም። ይህ ዓሣ ከላይ አየር ይተነፍሳል፤ እናትና አባት ሆነው ጫጩቶቻቸውን ይጠብቃሉ፤ የሚወደውም ቦታ ያው ጥልቀት የለሹ አረማም ውኃ ነው። የተሸሸገ መንጠቆ ያለባት የፕላስቲክ እንቁራሪት በላዩ ላይ ስትንሸራተት ሲነክሳት ውኃው ይፈነዳል። ሥጋው ነጭና ጥሩ ነው። የሜሪላንድ መንግሥት ሰው አጥምዶ እንዲበላው ያበረታታል፤ በሕይወት ማጓጓዝ ግን ክልክል ነው።

ስለ መብላት ከተነሣ፣ በዚህ ወንዝ የሚያጠምድ ሰው የጤና ባለሥልጣናትን ማሳሰቢያ ያንብብ። ፒሲቢ የሚባለው ኬሚካል በወንዙ ዝቃጭ ውስጥ ቀርቷል፤ አንዳንዱ ዓሣ በስብ ውስጥ ያከማቸዋል። የትኛውን ዓሣ፣ በወር ስንት ጊዜ መብላት እንደሚቻል በዝርዝር ተጽፏል። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት በተለይ ይጠንቀቁ። የማጥመድ ፈቃድም ግዴታ ነው፤ ከፈቃዱ የሚገኘው ገንዘብ ለዓሣውና ለውኃው ጥበቃ ይውላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ የምለምናችሁ። የተቀደደች ትል ወደ ውኃ አትጣሉ። ፕላስቲክ ናት፤ አትበሰብስም። ውኃ ውስጥ ታብጣለች፤ ዓሣ ከዋጣት ሆዱ ውስጥ ትቀመጣለች። ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ከረጢት ያዙ፤ የተቀደደችዋንና ክር ቁራጩን ሰብስባችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ስለ አንዲት ትል ብዬ ብቻ አይደለም። መንጠቆውን መሸሸግ የተማረ አጥማጅ አረሙን ከሚጠላ ሰው ይለያል። ዓሣው የት እንደሚያድር፣ የት እንቁላሉን እንደሚጥል፣ ምን እንደሚበላ ያየዋል። ውኃው ሲደፈርስ ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው፤ ፍሳሽ ሲለቀቅ ለምን የሚለውም እሱ ነው። ፖቶማክን ያዳነው ሕግና ማጣሪያ ብቻ አልነበረም፤ ወንዙን የሚወድ ሰው መኖሩም ነበር። በዚያ ወንዝ ዳር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውረዱ። ትሏን ቀጥ አድርገው እንዲያስሩ አስተምሯቸው፤ ወንዙም የእነሱ እንደሆነ በዚያው ይወቁ። በወንዙ ጉዳይ ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ ሄዳችሁ ተናገሩ፤ ድምፃችሁ ይቆጠራል።